የሰው ድምፅ አያደምቅ

በእንግሊዝና በአሜሪካ ከተሞች፣ ቀን በየሥራቸው ውለው ማታ ቴአትር የሚያጠኑ፣ ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው የሚደክሙ የአማተር ማኅበሮች ብዙ ናቸው። ደጋግመው ከሚያሳዩአቸውም ዘፈን ያለባቸው ቴአትሮች አንዱ «ማይ ፌር ሌዲ» ነው። ትጋታቸውን እናደንቃለን፤ በብዙዎቹ ዘንድ የሚታየውን አንድ ልማድ ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ይኸውም ቴአትሩን በመሥራት ፈንታ ፊልሙን መቅዳት ነው። የፊልሙ ተዋናይ ባረፈበት ያርፋሉ፤ በሣቀበት ይሥቃሉ፤ ድምፁን ሳይቀር ለመምሰል ይጣጣራሉ።

ይህ ልማድ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ቴአትር ላይ ነውር ነው። መሠረቱ በርናርድ ሾው የደረሰውና በ1913 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የታየው «ፒግማልዮን» ነው፤ እርሱም አበባ ሻጭ የሆነችን ድኻ ልጅ፣ አነጋገሯን አርሞ ወይዘሮ ሊያስመስላት ስለ ተወራረደ የቋንቋ ሊቅ ይናገራል። ለርነርና ሎው ይህንኑ በዘፈን አሰናድተውት በ1956 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ተከፈተና 2,717 ጊዜ ታየ። ልጅቱ በሰው አነጋገር ከተሸለመች በኋላ የሚያስጨንቃት፣ እንግዲህ ምን ልሆን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን የመሰለ ጥያቄ በተውሶ ድምፅ ማቅረብ በጥያቄው ከመሳለቅ በምን ይለያል?

ደግሞስ የሚቀዳው ምንድን ነው? በ1964 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ላይ ልጅቱን ሆና የተጫወተችው ኦድሪ ሄፕበርን ናት፤ ዘፈኑን በአብዛኛው ያዜመችላት ግን ማርኒ ኒክሰን ናት። ሊቁን ሆኖ የተጫወተው ሬክስ ሃሪሰንም የተካነ ዘፋኝ አልነበረም፤ ስለዚህ ግጥሙን ከሙዚቃው ምት ጋር እያስማማ እንደ ንግግር አወረደው፤ በዚሁ ሥራውም የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። እርሱ ባለው ድምፅ የራሱን መንገድ አበጀ፤ ቀጂዎቹ ግን መንገድ ማበጀቱን ትተው ዱካውን ብቻ ይለካሉ።

አንዳንዶች «ተመልካች የለመደውን ይሻል» ይሉናል። የለመደውን የሚሻ ፊልሙን በቤቱ ሊያይ ይችላል፤ ወደ አዳራሹ የመጣው ጎረቤቱንና የልጁን አስተማሪ ለመስማት ነው። ሌሎች ደግሞ «ፈቃድ የሰጠን ባለመብት ቃሉን እንዳንለውጥ አስሮናል» ይላሉ። ቃሉ ይጠበቅ፤ ትንፋሹን ግን ማን አሰረው? «ተማሪ መምህሩን መስሎ አይደለምን ዜማ የሚማረው?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የዜማ መምህር ተማሪውን ይሰማዋል፤ ሲሳሳትም ያርመዋል። ፊልም ማንንም አይሰማም።

ነገሩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ሳሉ ዜማ የተዋሐደውን ተውኔታቸውን በተማሪዎቻቸው ያሳዩ ነበር፤ እነዚያ ልጆች የሚቀዱት ፊልም አልነበራቸውም። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ ልምምድ ስትጀምሩ ፊልሙን ዝጉት፤ ጽሑፉን አስነብቡ፤ እያንዳንዱ ልጅ የት እንደሚተነፍስ ራሱ ይፈልግ። ድምፁ ቢሻክር እንኳ የራሱ ይሁን እንላለን።