ቁጥር ስም ነው ወይስ ቁልፍ?

በምዕራብ ሐረርጌ የመሰላ ገበሬ በሬውን ለይቶ ለማወቅ የተጻፈ ቁጥር አያስፈልገውም። ቀለሙ፣ የቀንዱ አቀማመጥ፣ በግንባሩ ያለው ቦቃ ይበቁታል። ነገር ግን በማሽላ አገዳ ተቀልቦ የደለበው ሰንጋ ጭሮ ገበያ ተሸጦ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲተላለፍ፣ ያ ሁሉ እውቀት ከገበሬው ጋር ወደ ቤት ይመለሳል። በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ መለያ፣ ማለትም አር.ኤፍ.አይ.ዲ. የተባለው፣ ጥቅሙ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

እናንተም፣ ተማሪዎች ሆይ፣ አርዱይኖን በመሳሰሉ ማይክሮኮንትሮለሮች መሥራት ስትጀምሩ ይህን መለያና ማንበቢያውን ታገኟቸዋላችሁ። ብዙ ጀማሪዎች አስቀድመው የሚሠሩት በካርድ የሚከፈት በር ነው። እኔ ግን ከበር ይልቅ ከመዝገብ መጀመር ይሻላል እላለሁ።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። በእንዲህ ያለው መለያ ውስጥ ባትሪ የለም፤ ያለው ጥቅል ሽቦና አንዲት ትንሽ ቺፕ ብቻ ነው። ማንበቢያው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ሲፈጥር፣ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረት በጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ቺፗም በዚያች ጥቂት ኃይል ነቅታ ቁጥሯን ትናገራለች። የጠየቃት ማን እንደ ሆነ አትመረምርም። ስለዚህ ቁጥሩን የሰማ ሰው በሌላ ካርድ ላይ ሊገለብጠው ይችላል፤ ለዚሁ የሚያመች፣ ቁጥሩ የሚለወጥ ካርድም በርካሽ ይሸጣል። በሩን የሚከፍተው ቁጥሩ ብቻ ከሆነ እንግዲህ፣ ባለቤቱና ሌባው ለበሩ አንድ ናቸው። በምስጢር ቁልፍ የሚጠበቁ ካርዶች መኖራቸውን አልክድም፤ ይሁን እንጂ የጀማሪ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ቁጥርን ከቁጥር ከማነጻጸር አያልፍም።

መዝገብ ግን ከቁጥሩ የሚፈልገው ስም እንዲሆነው ብቻ ነው። ከቁጥሩ ጎን የበሬውን ቀለምና ቀንድ፣ የተገዛበትንና የተከተበበትን ቀን ጻፉ፤ መለያው ሲነበብ ፕሮግራማችሁ ያንኑ መስመር ያውጣ። ሌባ መለያውን ቆርጦ ቢጥለው እንኳ ቀለሙና ቀንዱ በመዝገቡ ይቀራሉ። ክርክር ቢነሣ ሽማግሎች የሚጠይቁትም እነዚህኑ ነው።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ጀማሪዎች የሚገዙት አር.ሲ. 522 የተባለው ማንበቢያ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን የሚያነበው ከጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ነው። ኃይሉም 3.3 ቮልት ነው፤ በ5 ቮልት ላይ የሰካው ሰው ያበላሸዋል። ለከብት የጆሮ መለያ በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ግን ድግግሞሹ 134.2 ኪሎኸርዝ፣ ቁጥሩም 15 አሃዝ ነው፤ የኢትዮጵያ መለያ ቁጥር 231 ነው። ስለዚህ አር.ሲ. 522 የከብቱን የጆሮ መለያ ፈጽሞ አይሰማም፤ ይህም የማንበቢያው ጉድለት አይደለም።

እንግዲያው ከማንበቢያው ጋር የሚመጣውን ካርድ በመጀመሪያ በመጻሕፍት ላይ ሞክሩት፤ ብረት ላይ ግን አትለጥፉት፣ ብረት መስኩን ያዳክመዋልና። ከዚያም በበሬው ማሰሪያ ላይ እሰሩት። የመዝገቡን የመጀመሪያ መስመር ስትሞሉ ደግሞ «ቀለም» በሚለው ዓምድ የሚጻፈውን ከብቱን ያሳደጉት አባታችሁ ይንገሯችሁ።