ከመከለል በኋላስ የማን ነው? የብሔራዊ ፓርኮች ታሪክ ለመንጌና ለአካባቢዋ የሚያስተምረው

በመንጌ ወረዳ ክረምቱ ሲገባ ሽመል ቡቃያውን ያወጣል። ቡቃያው ተቀቅሎ ለምግብ ይሆናል፤ የጎለመሰው ግንድ ደግሞ ለግድግዳና ለማገር፣ ለአጥር፣ ለጎተራ፣ ለቀፎና ለአልጋ ይውላል። ከአሶሳ እስከ ኩምሩክ በሚዘልቀው ቆላ ሽመል ያልገባበት ቤት አይገኝም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የሽመሉ ደን ባለቤት እንደሌለው ንብረት ሲቆረጥ፣ በበጋ እሳት ሲነድና ለእርሻ ሲመነጠር ኖሯል። ደኑ ይጠበቅ የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ከገበሬው ዘንድ የሚሰማው ስጋት ግን አንድ ነው፤ መንግሥት ከከለለው በኋላ እኛ የት እንገባለን የሚል። ስጋቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ፓርኮች የስድሳ ዓመት ታሪክ በአብዛኛው የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው አሠራር በዓለም የታወቀው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1872 የሎውስቶንን ከከለለች ወዲህ ነው። መነሻ ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ያማረው ምድር ለባለሀብት ከመሸጥ ድኖ የሕዝብ ሁሉ ሀብት ሆኖ እንዲቆይ ታስቦ ነው። ነገር ግን ሕዝብ ሲባል በዚያው ምድር ሲያድኑና ሲኖሩ የነበሩት ነባር ነገዶች ከቁጥር አልገቡም። ይህ ጉድለት ሐሳቡ በተሻገረበት ሀገር ሁሉ አብሮ ተሻግሯል።

በኢትዮጵያ ደንንና አራዊትን መጠበቅ ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ አይደለም። የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ይነገራል፤ አደንን የሚገድብ ደንብም በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ወጥቷል። በዘመናዊ መልኩ ፓርክ መከለል የተጀመረው ግን በ1950ዎቹ ሲሆን፣ የዩኔስኮ ባለሙያዎች በመንግሥት ጥሪ መጥተው ሀገሪቱን ከተመለከቱ በኋላ ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1961 ዓ.ም፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ1962 ዓ.ም በነጋሪት ጋዜጣ ታውጀው ሕጋዊ ሆኑ።

በአዋሽ የተከለለው መሬት የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች በድርቅ ወራት ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ነበር። በዚያው ዘመን የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የወንዙን ዳር ያዘ። አርብቶ አደሩ በአንድ በኩል አገዳው፣ በሌላ በኩል ፓርኩ ገፋው፤ በፓርኩ ጥበቃና በነዋሪው መካከል የተፈጠረው ቅራኔም ለአሥርተ ዓመታት አልበረደም። በሰሜን ተራሮችም በ1971 ዓ.ም አካባቢ ከገደሉ ሥር ይኖሩ የነበሩ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በኃይል ተነሥተዋል።

የዚህ አሠራር ዋጋ የታየው በ1983 ዓ.ም ነው። የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በበርካታ ፓርኮች ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች የጥበቃ ኬላዎችን አፈረሱ፣ ዛፉን ቆረጡ፣ አራዊቱን ገደሉ። ሁሉም በቂም የተደረገ አልነበረም፤ በግርግሩ የተጠቀመም ነበረ። ሆኖም ለሃያ ዓመት በዘበኛና በጠመንጃ የተጠበቀ ሀብት ዘበኛው በሄደበት ሳምንት ሊፈርስ መቻሉ፣ ጎረቤቱ ፓርኩን የራሱ አድርጎ እንዳልቆጠረው በግልጽ አሳይቷል። ነዋሪው ከዱር እንስሳት ሀብት ተጠቃሚ ይሁን የሚለው አስተሳሰብ በፖሊሲና በሕግ ውስጥ ሥር የሰደደው ከዚህ በኋላ ነው።

የሰሜን ተራሮች ቀጣይ ታሪክ ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 ዓ.ም አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ የወጣው በ2009 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት የፓርኩ ስፋት ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሏል፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በደባርቅ አስጎብኚው፣ ባለበቅሎውና ምግብ አብሳዩ ከጎብኚ ገንዘብ ማግኘት ችለው ነበር። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በተከተለው የጸጥታ ችግር ግን ጎብኚው ቀረ፣ ገቢውም ተቋረጠ።

ስለዚህ ለመንጌ ዓይነት ወረዳ ስለ ጥብቅ ስፍራ ጥቅም ሲነገር ቱሪስትን ማስቀደም አሳማኝ አይደለም። ጎብኚ መንገድ፣ ማደሪያና ሰላም ይሻል፤ ለመምጣቱም ዋስትና የለም። ይልቅስ ነዋሪው በየዕለቱ የሚያየው ጥቅም ይበልጣል፤ በደን የተሸፈነ ተዳፋት አፈሩን ይይዛል፣ ምንጩን ያቆያል፣ ለንብ አበባ ይሰጣል። ከአሶሳ ዞን በስተምሥራቅ የሚፈሰው የዳቡስ ወንዝ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ደግሞ በጉባ ወረዳ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መያዝ በሚችለው የሕዳሴ ግድብ ይጠራቀማል። ከተራቆተ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ሄዶ ሄዶ ማረፊያው ይኸው ሐይቅ ነው። ሽመሉን የሚጠብቅ ገበሬ ለሀገር ሁሉ አገልግሎት ይሰጣል ማለት ነው፤ እስካሁን ግን ለዚህ አገልግሎት ክፍያ የሚያስገኝለት ሥርዓት አልተዘረጋለትም።

አካባቢው የአራዊት ሀብትም አይጎድለውም። የዳቡስ ሸለቆ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የአደን ቀጠናዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ከክልሉ ወሰን ማዶ፣ በአማራ ክልል ቋራ ወረዳ የሚገኘውና በ1998 ዓ.ም የተመሠረተው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክም ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች አንበሶች እንደሚገኙበት በፎቶግራፍ አረጋግጠዋል። በምዕራቡ ቆላ የቀረው ዱር የዋዛ አለመሆኑን ይህ ያመለክታል።

በአንጻሩ ጫናው እየበረታ ነው። ሸርቆሌና ባምባሲ ለዓመታት የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎችን አስተናግደዋል፤ የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም ሚያዝያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ በኩምሩክ በኩል ተጨማሪ ሕዝብ ገብቷል። የተሰደደም፣ የተቀበለም የሚያበስለው በእንጨት ነው። ባሕላዊ ወርቅ አውጪው፣ ከሰል አክሳዩና አዲስ እርሻ የሚያወጣው ሁሉም የሚያዩት ወደዚያው ደን ነው።

ከሌላ ሀገር የሚወሰድ ልምድ አለ። የኡጋንዳ ሕግ ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው ፓርኩን ለሚያዋስኑ የአካባቢ አስተዳደሮች እንዲሰጥ ያዛል። ገንዘቡ ይዘገያል፣ ለአንድ ቤተሰብ ሲካፈልም ትንሽ ነው የሚል ወቀሳ ይቀርብበታል። ቢሆንም ድርሻው በሕግ የተጻፈ በመሆኑ ነዋሪው የሚጠይቀው ችሮታን ሳይሆን መብቱን ነው። በኢትዮጵያም የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን ለጎን የማኅበረሰብ ደንን ራሱን የቻለ የባለቤትነት ዓይነት አድርጎ አውቆታል። ለሽመል ደን ከፓርክ ይልቅ ይህ መንገድ የሚቀርብ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሽመል በአግባቡ ሲቆረጥ ይታደሳል እንጂ አይጠፋም። ፓርክ መቁረጥን ይከለክላል፤ የማኅበረሰብ ደን ግን የትኛው ግንድ፣ መቼ፣ በማን እንደሚቆረጥ ይወስናል። ሰው በማይደርስባቸው የወንዝ ሸለቆዎች ለአራዊት ሲባል ጥብቅ ስፍራ ቢከለል አንዱ ሌላውን አይቃረንም፤ ወሰኑ ሲሰመር ግን የጎሳ ሽማግሌዎችና ደኑን የሚጠቀሙት ሴቶች አብረው ሊቆሙ ይገባል።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው የሽመል የራሱ ጠባይ ነው። ሽመል በአሥርተ ዓመታት አንድ ጊዜ በጅምላ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ከዚያም ይደርቃል። አዲሱ ችግኝ ከዘር በቅሎ እስኪጠነክር ድረስ ባሉት ዓመታት ከብት ከገባበት ወይም የበጋ እሳት ከደረሰበት ቦታው ለሣር ይቀራል። በእነዚያ ዓመታት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ለየተዳፋቱ ዘበኛ ሊቀጥር አይችልም። ከብቱን የሚመልሰውና እሳቱን የሚያጠፋው በአቅራቢያው የሚኖረው ገበሬ ነው፤ የደኑ ድርሻ በስሙ ተጽፎ ከተሰጠው።