ከጥገና በኋላ የሙቀት መርፌዋ የት ትቁም?

ራዲያተሩ ታጥቧል፣ የውሃ ፓምፑ ተቀይሯል፣ ሂሳቡም ተከፍሏል። የናፍጣ ፒክአፕዎን ተረክበው ከጋራዥ ሲወጡ ግን ዓይንዎ ከዳሽቦርዱ የሙቀት መርፌ አልነቀል ይላል። ድሮ ከግማሽ ዝቅ ብላ ትቆም የነበረችው አሁን ግማሽ ላይ ናት። በበዓል ቤተሰብ ይዘው ዓባይ በረሃን ሊሻገሩ ካሰቡ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

መርፌዋ የቆመችበት ቦታ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ውሃው 80 ዲግሪም ሆነ 100 ዲግሪ መሀል ላይ እንድትቆም ተደርጋ ነው የተሠራችው። ከዚያ በላይ ስትነሳ ጊዜው ረፍዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ይፈልጉ። ለአዳዲሶቹ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ለአሮጌ ሃይሉክስ ደግሞ ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር ቴርሞስታቱ የተቀመጠበት ብረት ላይ ማነጣጠር በቂ ግምት ይሰጣል። የብዙ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ሜዳ ላይ ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ካነበቡ ደህና ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ 100ን ትንሽ ቢያልፍም፣ ሜዳ ሲደርሱ በጥቂት ደቂቃ ከተመለሰ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው አለመመለሱ ነው።

ቅዝቃዜም ምልክት ነው። ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ቶሎ አይሞቅም፤ ከእንጦጦ ሲወርዱ መርፌዋ ዝቅ ብትል ነዳጅ ስላልረገጡ ነው። በሜዳ መንገድ ላይም ሁልጊዜ ዝቅ ብላ ከቀረች ግን መካኒኩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ቴርሞስታቱ አለ? «ለኛ አገር አያስፈልግም» ተብሎ ወጥቶ የሚጣልበት ጋራዥ ጥቂት አይደለም። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ያጨሳል፣ ቶሎ ያልቃል። ከዚህም በላይ፣ ቴርሞስታቱ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ሲሞቅ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ መንገድ የሚዘጋው እሱው ነው። እሱ ከሌለ ትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ የወጣው ዳገት ላይ ያሞቃል ማለት ነው።

የራዲያተር ክዳን ርካሽ ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ ውሃው የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ 0.9 የሚል ጤነኛ ክዳን መፍያውን እዚሁ ከተማችን ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም ብልሽት የሌለበትን ሞተር ያፈላል። ራዲያተር አሳጥበው አሮጌውን ክዳን መልሰው ከገጠሙ ሥራው አላለቀም።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ ለሙከራ የሚሆን ቦታ አይደለም። ከዚያ በፊት ለጥቂት ቀናት ከተማ ውስጥና እንጦጦ ዳገት ላይ ይንዱት። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ይክፈቱ። ውሃው ትንሽ ቢጎድል ሲሞላ የታፈነ አየር ወጥቶ ይሆናል፤ ይጨምሩበት። በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ ግን የሚሄድበት አለ። የላይኛውን ቱቦ በእጅዎ ጨመቅ ያድርጉት። ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ያደረ ቱቦ ለስላሳ መሆን አለበት። ድንጋይ ሆኖ ከጠበቀዎት፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ መጠባበቂያው ጋን ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ሳይበላ አልቀረም። ያን ጊዜ ሻንጣውን አውርደው መኪናውን ወደ ጋራዥ ይመልሱት፤ ቴስታታው ሲፈታም መጣመም አለመጣመሙ እርስዎ ባሉበት ይለካ።