ኮንታክት የፈጠረ ቦርድ ይመርመር እንጂ አይጣል



በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ መልካም ጠባይና ስለ አገር ፍቅር መጻፍ የተለመደ ነው። እኔም ስለነዚሁ ነገሮች ልጽፍ ተነሥቻለሁ፤ ነገር ግን የምገባበት በር ጠባብ ነው። ይኸውም፥ ተማሪ በእጁ በይዶ የሠራው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ኮንታክት ሲፈጥር ምን ሊያደርግ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ብዙዎቻችን አነስተኛ የድምፅ ማጉያ መሥራት እንወዳለን፤ ለዚህም ኤልኤም 386 የሚባለውን ባለ 8 እግር አይሲ እንመርጣለን። አይሲ ማለት ብዙ ትራንዚስተሮችና ሬዚስተሮች በአንዲት ቅንጣት ላይ ተዋሕደው የተሠሩበት ዕቃ ነው። የመጀመሪያውን ሠርቶ ያሳየው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጃክ ኪልቢ ሲሆን፥ ዕለቱም በእኛ አቈጣጠር መስከረም 2 ቀን 1951 ዓ.ም. ነበር። የዚያ አይሲ ክፍሎች በቀጫጭን የወርቅ ሽቦ በእጅ የተያያዙ ነበሩ። ኪልቢም በ1993 ዓ.ም. በፊዚክስ የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። እንግዲህ በእጅ መበየድ የሚናቅ ሥራ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

የሚያሳዝነው ልማዳችን ነው። ቦርዱ ተሠርቶ ባትሪ ሲገናኝ አይሲው ይግላል፤ ድምፅ የለም፤ ወዲያውም «ተቃጥሏል» ተብሎ ይጣልና ሌላ ይገዛልን ይባላል።

እንደ እኔ አስተያየት ይህ ልማድ በሁለት ምክንያት መቅረት አለበት። አንደኛ፥ መተማ ጠረፍ ናት። ሬዚስተርና አይሲ እንደ ሰሊጥና እንደ ጥጥ ከማሳችን አይበቅሉም፤ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ መንገድ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ቢኖርም አይገኙም። ገንዘቡም ወላጆቻችን በቆላው ፀሐይ ደክመው ያገኙት ነው። ሁለተኛ፥ በሽታው ሳይታወቅ አይሲው ቢለወጥ ምክንያቱ ቦርዱ ላይ ስለሚቀር አዲሱም የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ታዲያ ኮንታክት እንዴት ይፈለጋል? ከሁሉ በፊት ባትሪው ይነቀል። ቀጥሎ ቦርዱ በብርሃን ፊት በማጉያ መነጽር ይታይ። በአይሲው እግሮች መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፥ አንዲት የሊድ ጠብታ ወይም ከሽቦ የተፈናጠረች ጭረት ሁለቱን እግሮች ታገናኛለች። አይሲው ተገልብጦ ገብቶ እንደሆነም ይታይ፤ ቁጥር 1 እግር ወደ ተነደለው ወይም ነጥብ ወዳለበት ጫፍ ነው።

ዐይን ያላየውን ቴስተር ያየዋል። በቦርዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል ኦም ይለካ። ቁጥሩ ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያለ ቢጨምር ካፓሲተር እየሞላ ነውና አያስፈራም፤ ዜሮ አጠገብ ቢቀር ግን ኮንታክት አለ። በዚህ ጊዜ አይሲው ከሶኬቱ ይውጣና እንደገና ይለካ። ኮንታክቱ ከጠፋ በሽታው አይሲው ውስጥ ነው፤ ካልጠፋ ቦርዱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቦርዱን በግማሽ በግማሽ እየለያዩ መለካት ነው፤ ሌባ የገባበትን መንደር ቤት ለቤት ከመፈተሽ ይልቅ በየትኛው ሰፈር እንዳለ አስቀድሞ እንደማወቅ ያለ ዘዴ ነው።

ባትሪ መልሶ ሲገናኝም በባለ 9 ቮልቱ ባትሪና በቦርዱ መካከል ባለ 100 ኦም፣ ባለ 1 ዋት ሬዚስተር ይግባ። ኮንታክት ቢኖር እንኳ ኮረንቲው ከ90 ሚሊአምፒር ስለማያልፍ የሚቃጠል ነገር የለም። ደኅነኛው አይሲ ድምፅ ሳይገባበት የሚፈልገው 4 ሚሊአምፒር ያህል ነው፤ ስለዚህ ከሬዚስተሩ በኋላ 8.6 ቮልት ገደማ ይገኛል። በቁጥር 5 እግር ላይም የዚሁ ግማሽ ያህል መታየት አለበት።

እንዲህ ያለው የአናሎግ ሥራ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። ድምፅ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ የሚል ስለሆነ፥ ሙሉ ኮንታክት ባይኖርም ጥቂት ማፍሰስ ብቻ ድምፁን ያጎረንነዋል። ሊዱ ውስጥ ያለው ሙጫ እንደ ቆላችን እጣን ብዙውን ጊዜ ከዛፍ የሚገኝ ነው፤ ከቦርዱ ላይ ካልጸዳ የበጋውን አቧራ ይይዛል፤ አቧራውም የክረምቱን እርጥበት ይጠጣል። ስለዚህ ከብየዳ በኋላ በአልኮልና በብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው፤ ፈተና የሚመጣው ስለ ቀመር ነው» የሚል ወዳጅ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የኦምን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከማየትና በቴስተር ከማግኘት የትኛው በልብ እንደሚቀር ራሱ ይፍረድ። ነገ በክረምት፣ መንገዱ በጭቃ በተዘጋበት ቀበሌ፣ የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ ቢቆም የሚፈለገው ዕቃ የሚጥል ልጅ ነውን? በሽታውን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መምህራኖቻችን ለሠራ ቦርድ ብቻ ሳይሆን ብልሽቱ በምን እንደተገኘ በደብተር ለጻፈም ተማሪ ማርክ ቢሰጡ፤ እኛ ተማሪዎች የታመመውን ቦርድ ከቆሻሻ መጣያ ይልቅ በአንድ ሳጥን ብናኖረውና ተራ በተራ ብንመረምረው፤ ወላጆቻችንም «ለምን አበላሸህ?» ከማለት አስቀድመው «ምን አገኘህበት?» ብለው ቢጠይቁን መልካም ነው።

ከዚሁ ከምዕራብ ጎንደር፣ ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረም ነበር። ምድጃው እንደገና ባይሠራ ኖሮ ሴባስቶፖል ባልተገኘ ነበር። እኛም የእነርሱ አገር ልጆች ነንና፥ ከአንዲት የሊድ ጠብታ ፊት አንሸሽ።