መሣሪያ የሰጠ ሁሉ አጋር ነው?

በዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ዘንድ ስለ ውጭ ጉዳይ ክርክር በተነሳ ቁጥር የማትቀር አንዲት አባባል አለች፤ «እገሌ የሚባለው አገር እኮ መሣሪያ ስለሚሰጠን የቅርብ ወታደራዊ አጋራችን ነው» ትባላለች። እኔ በዚህ አልስማማም። መሣሪያ መስጠት ሌላ፣ በክፉ ቀን አብሮ መቆም ሌላ። ለማስረጃም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችን ታሪክ ይበቃናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከአሜሪካ ጋር የነበረንን እንመልከት። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ ከአሜሪካኖች ጎን ተዋጋ። በ1953 ሁለቱ መንግሥታት ተፈራረሙና አሜሪካ አስመራ በሚገኘው ቃኘው ስቴሽን የመጠቀም መብት፣ ኢትዮጵያ ደግሞ መሣሪያና ሥልጠና አገኙ። ከዚህ የበለጠ መቀራረብ ያለ አይመስልም ነበር። ዳሩ ግን ሳተላይት እየተስፋፋ ሲሄድ የጣቢያው ጥቅም ቀነሰ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ያዘ። በ1977 መጀመሪያ የካርተር አስተዳደር በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ዕርዳታውን ቀነሰ፤ ደርግም ጣቢያውን ዘጋ፣ ወታደራዊ አማካሪዎቹንም አስወጣ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ ያ ሁሉ ወዳጅነት በቦታው አልነበረም።

ሶማሊያስ ብትሆን? በ1974 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማለች፤ ጦሯም የታጠቀው በሶቪየት መሣሪያ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሞስኮ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች። በ1977 መገባደጃ ሞቃዲሾ ውሉን ሰረዘች፤ የሶቪየት አውሮፕላኖችም ለኢትዮጵያ መሣሪያ ማጓጓዝ ጀመሩ። የኩባ ወታደሮችም መጡ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ዓመት ውስጥ ትልልቅ ወዳጆቻቸውን ተለዋወጡ ማለት ነው!

አሁን ደግሞ ብዙም የማናወራለትን ምሳሌ ልጥቀስ፤ ኬንያን። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ኬንያ ነፃ በወጣችበት ወቅት፣ ከኢትዮጵያ ጋር የጋራ መከላከያ ስምምነት አደረገች። በኋላ ኢትዮጵያ ወደ ሶሻሊስቱ ጎራ ስትሄድ ኬንያ ከምዕራባውያን ጋር ቀረች። በርዕዮተ ዓለም ተራራቁ። ስምምነቱ ግን አልፈረሰም፤ እንዲያውም በ1979 የወዳጅነትና የትብብር ውል ጨመሩበት። ለምን? መልሱ የሶማሊያ ባንዲራ ላይ አለ። ባለ አምስት ጫፉ ኮከብ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች ሲወክል፣ አንዱ ጫፍ ኦጋዴንን፣ ሌላው የሰሜን ምሥራቅ ኬንያን ይቆጥር ነበር። አዲስ አበባንና ናይሮቢን ያስተሳሰራቸው አንድ ዓይነት ሥጋት ነው። ሥጋቱ መንግሥት ሲለወጥ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ስምምነቱም አልተለወጠም።

«ዋናው የተጻፈ ውል ነው» የሚል አይጠፋም። ውል ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የኔቶ 5ኛ አንቀጽ እንኳ በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል ካለ በኋላ፣ እያንዳንዱ አባል አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን እርምጃ እንዲወስድ ነው የሚተወው። ወረቀቱን ሕይወት የሚሰጠው ከበስተጀርባው ያለው የጋራ ጉዳይ ነው።

እንደኔ እንደኔ፣ አንድን አገር የቅርብ ወታደራዊ አጋር ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለብን። እኛን የሚያሠጋን ነገር እሱንም ያሠጋዋል ወይ? ከእኛ የሚፈልገው ነገር ነገ ዋጋ ቢያጣ ምን ይቀረናል? የነዚህን መልስ ሳያውቅ በሰው መሣሪያ የተማመነ መንግሥት የስህተቱን ዋጋ በዶላር አይከፍልም። የሚከፍለው በድንበር ላይ በተሰለፉ ልጆቹ ነው። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎች ከሆንን ይህን ሂሳብ አስቀድመን መሥራት የኛ ድርሻ ይመስለኛል።