ነዳጅ ቆጣቢው ተሽከርካሪ ለማን ይቅደም?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሐሙሲትንና ወረታን ካለፈ በኋላ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ሳይደርስ ይፋግን አቋርጦ ያልፋል። ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎጃምና የጎንደር ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት፣ አሞሌ ጨው፣ ቡናና ማር የሚለዋወጥባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። የዚያን ጊዜ የጭነት ኃይል በቅሎና አህያ፣ ቀለቡም የሜዳው ሣር ነበር። ዛሬ በዚሁ መስመር ሕዝቡንና ምርቱን የሚያመላልሱት ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ቅጥቅጥና አይሱዙ ናቸው። የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ለገበያ የሚደርሰው፣ ነፍሰ ጡሯ ሐኪም ቤት የምትገባው፣ ሠራተኛው ከሥራው የሚውለው በእነርሱ ነው። የሚጠጡት ቤንዚንና ናፍጣ ግን ጠብታው ሳይቀር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎና በቦቴ ተጭኖ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚመጣ ነው።

ያለፈውን ዘመን ለመናፈቅ አንዳችም ፍላጎት የለንም። የሲራራው ነጋዴ ጉዞ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ በየኬላውም ቀረጥ ይገፈፍ ነበር። ልናመለክት የምንሻው አንድ ተጨባጭ ሐቅ ነው። ነዳጅ የሚቆጥብና ጭሱ የቀነሰ ተሽከርካሪ ጉዳይ የጥቂት ባለ መኪኖች የምቾት ጥያቄ ሳይሆን፣ አንድ ቀን እንኳ መሪ ጨብጦ የማያውቀው ሰፊ ሕዝብ የኑሮ ጥያቄ ነው።

የነዳጅ ዋጋ ከፖለቲካ ተነጥሎ እንደማይታይ የኢትዮጵያ ሕዝብ የተማረው ከራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሻቅብ፣ የዘውዱ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በበኩላቸው የትምህርት ሴክተር ሪቪውን ተቃውመው ተነሡ። መንግሥት ከቀናት በኋላ ዋጋውን በመጠኑ ቢቀንስም የፈሰሰው ሊታፈስ አልቻለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ነው ማለታችን አይደለም፤ የመሬት ጥያቄና የወሎ ረሀብ ከዚያ ቀደም ሲብላሉ የቆዩ ነበሩ። ነገር ግን ባሕር ማዶ የሚወሰን ዋጋ በአንድ ሌሊት የታክሲ ነጂውን ጓዳ እንዴት እንደሚያናጋ ያ ወር በገሃድ አሳይቷል።

ዛሬስ? በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ማሻሻያ ሲጀመር አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 48 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. የቤንዚኑም ሊትር ከ100 ብር አለፈ። በማደያው ሲጠፋ በጀሪካን የሚቸረቸርበትን ዋጋ አንባቢያችን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ብዙ መኪና ሠሪዎች በገዛ ፈቃዳቸው ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር ለመሥራት አይቸኩሉም። በአሜሪካ የታላላቆቹ ኩባንያዎች መኪኖች ነዳጅ እንደ ውሃ ሲጠጡ የኖሩት ጉዳቱን የሚያይ ስለጠፋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ በአንድ ጋሎን የሚኬደውን ርቀት በአማካይ ወደ 27.5 ማይል እንዲያደርሱ እስከ 1985 ቀነ ገደብ ሲሰጣቸው ነው ሞተሩን ያሳነሱት፣ አካሉንም ያቀለሉት። ሕጉ ባለበት እንኳ ትርፍ ለማግኘት የሚደረገው ማጭበርበር አልቆመም። የጀርመኑ ቮልስዋገን በምርመራ ጊዜ ጭሱን የሚቀንስ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን እንዳሻው የሚለቅ ፕሮግራም በ11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ውስጥ ደብቆ መግጠሙ በ2015 ተጋልጧል። እዚያ ያረጀውስ ወዴት ይሄዳል? የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሌሎች አገሮች ተሸጠዋል። ከእነዚህ 40 በመቶ ያህሉ ያረፉት በአፍሪካ ነው። የበለጸገው ዓለም አየሩን የሚያጠራው አሮጌ ጭሱን ወደ እኛ እያሻገረ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ላይ የወሰደችው እርምጃ ቆራጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ1300 ሲሲ ባልበለጠ አዲስ መኪና ላይ 5 በመቶ ብቻ ሲጥል፣ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለው ላይ ግብሩን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። ይህን ያህል የደፈረ አገር በዓለም ላይ አልነበረም። በአሁኑ ጊዜ ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በአገሪቱ እንዳሉ ሚኒስቴሩ ገልጿል።

ይሁን እንጂ መሠረታዊው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው መኪና በማን ደጅ ቆሟል? አብዛኛው በአዲስ አበባ፣ የግል ግቢና የግል ቆጣሪ ባለው ቤት በር ላይ ነው። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያውም የተስፋፋው እዚያው ነው። እገዳው በመጀመሪያ የታወጀው በአውቶሞቢል ላይ ስለ ነበር፣ ከውጭ መግባት ያልቻለው አሮጌ መኪና ዋጋው ንሮ፣ ዕድሜውም በጋራዥ ጥገና እየተራዘመ፣ ከዋና ከተማው ወደ ክፍለ ሀገሩ መንገድ ይወርዳል። በዚህ አካሄድ ንጹሑ መኪና ለባለ ሀብቱ፣ ጭሱ ለይፋግ ይሆናል ማለት ነው። አዋጁ ይህን አላሰበም፤ ውጤቱ ግን ከሐሳቡ ተለይቶ እንዲሄድ ሊተው አይገባም።

ስለ ባጃጁ እናስላ። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ 3 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል። በ100 ብር ሂሳብ 300 ብር ነው፤ ከጀሪካን የተገዛ ከሆነም ከዚያ በላይ። ይኸው መንገድ በኤሌክትሪክ ባጃጅ ቢሄድ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መሆኑን እናውቃለን፤ ኪሎዋት ሰዓቱ 10 ብር ይግባ ብንል እንኳ 80 ብር ነው። ልዩነቱ ከ200 ብር ይበልጣል። በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ነጂ ከ60 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛውን በሙቀት መልክ ለአየር ሲያስረክብ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ወደ 90 በመቶ የሚጠጋውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። እያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀቁን፣ መንገድ ዳር ቆሎና በቆሎ የምትሸጠው እናት ከማለዳ እስከ ማታ የምትምገውንም ጥቁር ጭስ አንርሳ። የእርሷ ሳል በማንኛውም የነዳጅ ሂሳብ ውስጥ አልተመዘገበም።

የጣና ዳርቻ ነዋሪ ቦቴ እየጠበቀ ሰልፍ መቆሙ በተለይ የሚያስቆጭ ነው። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ የሐይቁን ውሃ በዋሻ እየወሰደ እስከ 460 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚችል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የሠራተኛውና የገበሬው መዋጮ ያለበት የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውሃው ከደጃችን ሄዶ ብርሃን ይሆናል፤ ባጃጁ ግን ጅቡቲን ያያል።

የሚነሡት ተቃውሞዎች መሠረት የላቸውም አንልም። መብራት ይጠፋል፤ ማሠራጫ መስመሩ አርጅቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ የገባበት የጸጥታ ችግር የመስመር ጥገናውንም ሆነ የነዳጅ አቅርቦቱን አውኳል። የባትሪው ዋጋ የተሽከርካሪውን ዋጋ ትልቅ ክፍል ስለሚይዝ ዕለታዊ ገቢ ያለው ነጂ በአንድ ጊዜ ሊከፍለው አይችልም። ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። ከነዳጅ ሞኖፖሊ ወጥተን የባትሪ ሞኖፖሊ እጅ ብንወድቅ ጌታ ለወጥን እንጂ ነፃ አልወጣንም። ቀንጢቻ ላይ ሊቲየም ያላት አገር ጥሬውን ሸጣ ባትሪውን ስትገዛ የምትኖር ከሆነ ታሪኩ የቡናው ታሪክ ነው።

መፍትሔው ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ብድሩና የግብር ነፃነቱ በቅድሚያ ለሕዝብ ማመላለሻ፣ ይኸውም ለባጃጅ፣ ለሚኒባስና ለቅጥቅጥ ማኅበራት ሊደርስ ይገባል። ባትሪው ለብቻው በማኅበር ባለቤትነት ተይዞ ለነጂው በኪራይ ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው ወጪ በእጅጉ ይቀላል። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የሚለወጥ ሙሉ ባትሪ በመጠባበቂያ ይገኛል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በፖሊቴክኒክነት የተመሠረተው፣ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም በመጀመሪያ ዓመታቱ የፋብሪካና የእርሻ መሣሪያ ቴክኒሻኖችን አፍርቷል። የዛሬው ጥሪ የባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ጠጋኝ ማፍራት ነው፤ የወረታና የይፋግ ጋራዥ ልጆች የሚገቡበት፣ ሰባትና ስምንት ወር የማይበልጥ ሥልጠና።

እስከዚያው ድረስ በእጅ ባለው አሮጌ ሞተር ላይ ብዙ የሚሠራ አለ። የቆሸሸ ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ ንፋሱ የጎደለ ጎማ፣ ያልተስተካከለ የናፍጣ ፖምፓ ሳይታወቅ ነዳጅ ይበላሉ። ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ገንዘብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በርብና በጉማራ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ የውሃ ፓምፕም ከዚህ ሂሳብ ውጭ አይደለም። የማኅበሩ ሰብሳቢ የአባላቱን ተሽከርካሪዎች በወር አንድ ቀን በአንድ ጋራዥ ለማስፈተሽ ቢያደራጅ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያሻውም።

እዚህ ላይ ግለሂስ ማድረግ ይገባናል። እኛ የፕሬስ ሠራተኞች ስንት ሺህ የኤሌክትሪክ መኪና ገባ እያልን ስንቆጥር ከርመናል። ለማን ገባ፣ የት ያድራል፣ ማንን ያሳፍራል ብለን የጠየቅነው ጥቂት ጊዜ ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነበር።

የነዋሪዎች ማኅበር አባላትና የትራንስፖርት ሠራተኞች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ እንድታስይዙ እናሳስባለን። በይፋግ የመጀመሪያው ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የሚተከልበት ቀን ሲመጣ፣ ቦታው በሆቴል ግቢ ውስጥ ሳይሆን ባጃጆቹ ተራ በሚይዙበት በገበያው ጥግ እንዲሆን፣ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ከአሁኑ ለወረዳው ይቅረብ።