የመሐራጃው ረግረግና የገበሬው ጎሽ

ገበሬ ወንድሞቼ፣ ገበሬ እህቶቼ! ከብቶቻችሁን ከምታሰማሩበት ሜዳ ላይ አንድ ቀን ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ ከብት አይግባ» ብትባሉ ምን ትላላችሁ? በሕንድ አገር የሆነውን ላጫውታችሁ።

በራጃስታን፣ ባራትፑር ከምትባል ከተማ አጠገብ ኬኦላዴኦ የሚሉት ረግረግ አለ። ስፋቱ 29 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃውን የሚያገኘው በድሮ ጊዜ ከተሠራ ግድብ ነው። በብርድ ወራት ዳክዬና ዝይ ከሩቅ አገር እየበረሩ ይመጡበታል።

ታዲያ የባራትፑር ንጉሥ፣ በእነሱ አጠራር መሐራጃው፣ ይህን ረግረግ የአደን ቦታው አድርጎት ነበር። የእንግሊዝ ሹማምንትን እየጋበዘ ወፍ ያስገድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 በአንድ ቀን 4,273 ወፎች ተገደሉ። አልተሳሳትኩም፣ በአንድ ቀን ነው! ቁጥሩንም በድንጋይ አስቀረጹት። ለመሆኑ ያን ሁሉ ወፍ ማን ሊበላው ነው?

በ1956 ቦታው የወፎች መጠለያ ሆነ። የመሐራጃው የማደን መብት ግን እስከ 1972 ቆየ። በ1982 ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። የአንድ ሰው መጫወቻ የነበረው ቦታ የሕዝብ መሆኑ ደግ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም።

ነገር ግን በዚያው በ1982 ግጦሽ ተከለከለ። በዚያ አገር ጎሽ እንደ ላም ይታለባል። በመሐራጃው ዘመን እንኳ የመንደሩ ከብት እዚያ ይግጥ ነበር። ገበሬው እንቢ አለ። ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰው ሞተ።

ከዚያስ? ጎሹ ሲቀር ሣሩ ውሃውን ወረሰው። ሥሩ እየተሳበ፣ እየተጠላለፈ ኩሬውን ሸፈነው። ዳክዬ ደግሞ ገላጣ ውሃ ካላገኘ የት ይዋኝ? የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመራማሪዎች ቦታውን ለዓመታት አጥንተው፣ ጎሹ ሣሩን እየጋጠ ለወፎቹ ይጠቅም ነበር አሉ። ክልከላውን ከደገፉት መካከል ራሳቸው ነበሩበት! ስሕተትን ማመን ቀላል አይደለምና ይመስገኑ።

ከብት ያለ ልክ ይግባ ማለቴ አይደለም። ሜዳ ሲበዛበት እንዴት እንደሚራቆት እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። እኔ የምለው፣ ክልከላው ከመጻፉ በፊት እረኛውን መጠየቅ ነበረባቸው ነው። ሣሩ በየትኛው ወር እንደሚያይል፣ ጎሹ የትኛውን እንደሚመርጥ እረኛው ያውቅ ነበር።

ኋላ የመንደሩ ሰዎች በፈቃድ እየገቡ ሣሩን እንዲያጭዱ ተደረገ። ጎሹ የሚግጠውን፣ ባለቤቱ በማጭድ አጭዶ በራሱ ተሸክሞ ያወጣለት ጀመር።